የስድስት ሳምንት ሥራ በየትኛው በር ይገባል?

በፍሪሞንት ከተማ፣ ከ880 አውራ ጎዳና አጠገብ የተንጣለለው ግዙፍ የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱን ደጋግሞ ቀይሯል። ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም ዳግም ተከፈተ። በ2010 ኑሚ ሲዘጋ ቴስላ ገዛው። በዚህ አንድ ግቢ ውስጥ በሠላሳ ዓመት ልዩነት ሁለት ዓይነት የአጭር ጊዜ የባሕር ማዶ ሥራ ተከናውኗል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ከሚጻፈው ብዙ ነገር የበለጠ ያስተምራል።

የመጀመሪያው የኑሚ ታሪክ ነው። ፋብሪካው ሊከፈት ሲል የፍሪሞንት ሠራተኞች በቡድን በቡድን ወደ ጃፓን ተላኩ። በቶዮታ የታካኦካ ፋብሪካ ለሳምንታት ከጃፓናውያን ባልደረቦቻቸው ጎን ቆመው ሠሩ፤ ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም እንደሚችል በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ጃፓናውያን አሠልጣኞችም በተራቸው ወደ ካሊፎርኒያ መጡ። ሥራ በማቆምና ከሥራ በመቅረት ስሙ የጎደፈው ፋብሪካ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጥራቱ የሚጠቀስ ሆነ። በዚያ ጉዞ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ማን እንደላከ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ምን ለመማር እንደተሄደ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሠራተኛውም ማኅበር ነበረው።

ሁለተኛው የ2015 ታሪክ ነው። ቴስላ የቀለም መቀቢያ ክፍሉን ሲያስፋፋ ሥራውን ለጀርመኑ አይዘንማን ሰጠ፤ አይዘንማንም ከምሥራቅ አውሮፓ ሠራተኛ ለሚያመጣ ንዑስ ተቋራጭ አስተላለፈው። በግንቦት ወር አንድ የስሎቬንያ ዜጋ ከጣሪያ ላይ ወድቆ እግሮቹና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ከዓመት በኋላ የሳን ሆዜው ሜርኩሪ ኒውስ ጋዜጣ ጉዳዩን ሲመረምር ሰውየው የገባው በቢ-1 የንግድ ጎብኚ ቪዛ እንደነበረ አወጣ። ለኤምባሲ በቀረበው ደብዳቤ ላይ ልዩ ሙያ ያለው ባለሙያ መሆኑና የሚሠራውም በሳውዝ ካሮላይና በሚገኝ የመኪና ፋብሪካ መሆኑ ተጽፏል። ሰውየው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ የግንባታ ሥራ ይሠራ ነበር። ለፍርድ ቤት በቀረበው ክስ መሠረት ክፍያው ሲሰላ በሰዓት አምስት ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። ቴስላ በሰጠው መልስ ጉዳዩን የሕግ ሳይሆን የሞራል ጥያቄ አድርጎ ገለጸው።

ችግሩ ያለው በትክክል እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ሀገር ድንበር ተሻግሮ፣ በሌላው ሀገር ግቢ ውስጥ ሠርቶ፣ አጥንቱ ሲሰበር ጉዳዩ የሕግ ሳይሆን የሞራል ከሆነ፣ ሕጉ ያላየው ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው።

የተቆለለ ሥራ፣ የጠፋ ደመወዝ

ይህ የአንድ ፋብሪካ አጋጣሚ ብቻ ነው እንዳይባል፣ እዚያው ፍሪሞንት ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለ። በጥቅምት 2014 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በኤሌክትሮኒክስ ፎር ኢሜጂንግ ኩባንያ ላይ ያደረገውን ምርመራ ውጤት ይፋ አደረገ። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ፍሪሞንት ሲያዛውር ኮምፒውተሮችን የሚተክሉ ስምንት ሠራተኞችን ከሕንድ ባንጋሎር አስመጣ። ሠራተኞቹ በሳምንት እስከ 122 ሰዓት ሠሩ። የሚከፈላቸው ግን የሀገራቸው ደመወዝ፣ በሀገራቸው ገንዘብ ነበር፤ ሲመነዘር በሰዓት 1 ዶላር ከ21 ሳንቲም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በወቅቱ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ኩባንያው ከ40 ሺሕ ዶላር በላይ ውዝፍ ደመወዝና 3,520 ዶላር ቅጣት እንዲከፍል ተደረገ።

ቅጣቱ ከስምንት ሰዎች የአንድ ወር የአካባቢው ደመወዝ እጅግ ያንሳል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የአስተሳሰቡ ሥር ነው። የአጭር ጊዜ ተልእኮ ሲባል ሠራተኛው በአካል ፍሪሞንት ውስጥ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ባንጋሎር ውስጥ እንዳለ ተደርጎ ይታሰባል። ቪዛው ጎብኚ ይለዋል፤ ደመወዙ የሩቅ አገር ሰው ያደርገዋል፤ የሥራው ሰዓት ብቻ የፍሪሞንት ነው።

ሕጉ የሚያውቃቸው ሁለት ሰዎች

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በመሠረቱ ሁለት ሰዎችን ያውቃል፤ ለጉዳይ የመጣ ጎብኚንና ለቅጥር የመጣ ሠራተኛን። በ1929 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካርኑት በተባለው ጉዳይ፣ ከካናዳ ወደ ናያጋራ ፎልስ ተሻግረው ሊሠሩ የፈለጉ ሰዎችን በሚመለከት፣ ለንግድ ጉዳይ መምጣት ለቅጥር ሥራ መምጣትን እንደማይጨምር ወሰነ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሂራ በተባለው ጉዳይ ደግሞ የሆንግ ኮንግ ልብስ ሰፊ የደንበኞቹን ልክ ለመውሰድ አሜሪካ ሊገባ እንደሚችል ተፈቀደ። ልብሱ የሚቆረጠውና የሚሰፋው በሆንግ ኮንግ ነውና፣ አሜሪካ ውስጥ የተደረገው የዋናው ሥራ ተከታይ ብቻ ነው ተባለ። የዛሬው የቢ-1 ሕግ አሁንም በዚያ የልብስ ሰፊ መለኪያ ይለካል።

በዚህ መሠረት በቢ-1 የገባ ሰው ስብሰባ መካፈል፣ ውል መደራደር፣ ከባልደረቦች ጋር መመካከር ይችላል። ከውጭ ሀገር ኩባንያ የተገዛ መሣሪያ የሽያጭ ውሉ ካስገደደ መትከልና መጠገን፣ ወይም የአሜሪካ ሠራተኞችን በአጠቃቀሙ ማሠልጠን ይፈቀድለታል። ሠራተኞችን ከመቆጣጠርና ከማሠልጠን ያለፈ የግንባታ ሥራ ግን አይፈቀድለትም። ደመወዙም ከአሜሪካ ምንጭ ሊመጣ አይገባም።

ይህ ድንበር በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። በሥራ ቦታ ግን ይደበዝዛል። የሠራችውን ሶፍትዌር በደንበኛው ማሽን ላይ የምትፈትን መሐንዲስ እየተመካከረች ነው ወይስ እየሠራች? ሠልጣኞች ሳይመጡ ቀርተው ብሎኑን ራሱ ያጠበቀ አሠልጣኝ ሕጉን የጣሰው በየትኛው ደቂቃ ነው? የልብስ ሰፊው ሜትር ለዚህ መልስ የለውም።

ወደ ሠራተኛው በር የሚዞር ደግሞ ሌላ ግንብ ያጋጥመዋል። ኤች-1ቢ በዓመት ለ65 ሺሕ ሰዎች፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ ለተጨማሪ 20 ሺሕ ብቻ የተወሰነ ነው። ዕጣው በመጋቢት ይወጣል፤ ሥራው በጥቅምት ይጀመራል። ከመስከረም 2025 ወዲህ በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ 100 ሺሕ ዶላር ክፍያ ተጨምሮበታል። ኤል-1 የሚባለው የኩባንያ ውስጥ ዝውውር ከዚህ ይሻላል። ሆኖም ሠራተኛው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በተዛማጅ ኩባንያ ቢያንስ አንድ ተከታታይ ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት፤ ደንበኛ ለሆነ ሌላ ድርጅት መላክንም አይሸፍንም ማለት ይቻላል። ሁለቱም የተቀረጹት ለዓመታት ለሚቆይ ሰው ነው። ለስድስት ሳምንት ፍተሻ የሚመጣ መሐንዲስ የስድስት ዓመት በር እንዲያንኳኳ ይጠየቃል፤ አለዚያም የጎብኚውን በር በስሙ ባልሆነ ምክንያት እንዲገፋ ይፈተናል።

ደብዳቤውን የጻፈና ደብዳቤውን የተሸከመ

ፈተናው በግብዣ ደብዳቤው ላይ ይገለጣል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ኩባንያው ወይም ጠበቃው ነው፤ ተሸክሞት መስኮቱ ፊት የሚቆመው ግን አመልካቹ ነው። የቆንስላ መኮንኑ አመልካቹን እንደ ስደተኛ አድርጎ ቆጥሮ እንዲጀምር፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክምም በአመልካቹ ላይ እንዲሆን የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214 ለ ያዛል። በዚህ ምክንያት የተከለከለ ሰው በሌላ ጊዜ ሊያመለክት ይችላል። መሠረታዊ የሆነ ሐሰት አቅርቧል ከተባለ ግን እገዳው ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚነሣውም በልዩ ይቅርታ ብቻ ነው። ኩባንያው ከተቀጣ ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሠራተኛው ያልጻፈው ዓረፍተ ነገር በስሙ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

መስከረም 4 ቀን 2025 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር የሆነውም የዚሁ ሚዛን መዛባት ነበር። ሃዩንዳይና ኤልጂ በጋራ በሚያሠሩት የባትሪ ፋብሪካ ላይ በተካሄደ ፍተሻ 475 ሰዎች ተያዙ፤ ከእነዚህ ከ300 በላይ የሚሆኑት የደቡብ ኮሪያ ዜጎች ነበሩ። ብዙዎቹ በጎብኚ ቪዛ ወይም ያለ ቪዛ በሚያስገባው ፕሮግራም የገቡ መሣሪያ የሚተክሉና የሚፈትኑ ባለሙያዎች ነበሩ። በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱት ሠራተኞቹ እንጂ የጉዞ ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች አልነበሩም። ከሳምንት በኋላ በልዩ አውሮፕላን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከዚያም ሴኡልና ዋሽንግተን የጋራ የቪዛ ጉዳይ ቡድን አቋቁመው፣ የኮሪያ ባለሙያዎች በቢ-1 መሣሪያ ሊተክሉና ሊጠግኑ እንደሚችሉ ተረጋገጠ።

ለኮሪያ መልካም ሆነ። ነገር ግን ማረጋገጫው የመጣው ቢሊዮኖች ዶላር የምታፈስ ሀገር ስለጠየቀች ነው። ከአዲስ አበባ የምትነሣ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ጠያቂ የላትም። ያለ ቪዛ በሚያስገባው ፕሮግራም ውስጥ አንድም የአፍሪካ ሀገር አይገኝም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ጉብኝት ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት እየመጣች የምትሠራ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ክፍያ ትከፍላለች፤ ሁለት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ትሰለፋለች፤ ሁለት ጊዜም ስደተኛ አለመሆኗን ታስረዳለች። የፍሪሞንት ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያሰላ ከቡድኑ ውስጥ ቪዛ የማይጠየቀውን ሰው ይመርጣል። ዕድሏ የሚዘጋው በእምቢታ ደብዳቤ አይደለም፤ ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል እንጂ።

የአዲስ አበባው መስተዋት

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው በር ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ያልተመሰገነችበት አንድ ሕግ አላት። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለውጭ ሀገር ዜጎች ለሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በሕዝብ አጠራር ቢጫ ካርድ ለሚባለው መታወቂያ ባለቤቶች፣ ያለ ቪዛ የመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ይበቃል። የተከለከለው የመምረጥና የመመረጥ መብት፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ ተቋማት መቀጠር ነው።

ይህ ማለት ፍሪሞንት ውስጥ የሚሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ለስድስት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ምክንያቱን ማሳመር አያስፈልገውም። ልሠራ ነው የመጣሁት ብሎ ይገባል። ሥራው በስሙ ይጠራል፤ ግብር ሊከፈልበት፣ ውል ሊጻፍበት፣ ጉዳት ሲደርስም ሊከሰስበት ይችላል። ጥምር ዜግነትን የማይቀበል የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ባለበት ሀገር፣ ዜግነትና የመሥራት መብት ተነጣጥለው መቆም እንደሚችሉ የሚያሳይ ሕግ ነው።

ይሁንና መስተዋቱ ግማሹን ብቻ ያሳያል። ያው መሐንዲስ ከሕንዳዊና ከቬትናማዊ ባልደረቦቹ ጋር ቢላክ እነርሱ ሌላ መስመር ይይዛሉ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለውጭ ሀገር ዜጋ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል፣ በየዓመቱም የሚታደስ አድርጎ ደንግጓል። የሕጉ ዓይን ያረፈው በሚቀመጥ ሠራተኛ ላይ ነው። አሜሪካን የሚፈትናት ክፍተት እዚህም አለ፤ ለጥቂት ሳምንት የሚመጣ የቴክኒክ ሰው ከሁለቱ በሮች አንዱንም በልኩ አያገኝም።

ከዚህ የሚልቅ ሌላ ትምህርትም ከኢትዮጵያ ሕግ ይገኛል። ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በሄዱ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ግፍ መንግሥትን እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዞውን እስከ ማገድ አድርሶት ነበር። በኋላ የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ላኪው ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። አፈጻጸሙ ምንም ያህል ቢጎድል፣ መርሑ በፍሪሞንት ጣሪያ ላይ የጠፋውን ነገር በትክክል ይጠራል። ሰው አስልኮ ያሠራ ሁሉ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ለሠራተኛው ይመልሳል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአካባቢው ሠራተኛ ነው፤ የአጭር ጊዜ በር ከተከፈተ ርካሽ ጉልበት ይጎርፋል የሚል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የ1 ዶላር ከ21 ሳንቲሙ ሥራ የተሠራው እንዲህ ያለ በር ሳይከፈት ነው። ደመወዝን የሚሰብረው የሠራተኛው መምጣት ብቻ ሳይሆን ሥራው በስሙ አለመጠራቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው የተላኩ ሠራተኞች መመሪያ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ተልኮ የመጣ ሠራተኛ በተቀባዩ ሀገር የክፍያ ሥርዓት ይተዳደራል። ተልኮ የመጣውና የአካባቢው ሰው እኩል ከተከፈሉ፣ ኩባንያው ሰው የሚያስመጣው ለሙያው እንጂ ለርካሽነቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የመጣው ሁሉ ሳይመለስ ይቀራል የሚለው ነው። የሚቀር ሰው መኖሩ አይካድም። ግን የሚሠራበት ቦታ፣ የሚከፍለው ድርጅትና የሚመለስበት ቀን በግልጽ የተመዘገበ ሠራተኛ፣ ለስብሰባ መጣሁ ብሎ ከገባ ሰው ይልቅ ለመንግሥት የሚታይ ነው። ጥብቅነት ከግልጽነት ጋር እንጂ ከጠባብነት ጋር ብቻ አይሄድም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ያለውን ቢ-1 ማብራራት ይበቃል የሚለው ነው፤ ለኮሪያ የተደረገውም ይኸው ነው። ማብራሪያ ግን ሰጪው ሲለወጥ ይለወጣል፤ በመግቢያ በር ላይ የቆመው መኮንንም በራሱ ሚዛን ይመዝነዋል። ከሁሉም በላይ ቢ-1 ስለ ደመወዝና ስለ ተጠያቂነት የሚለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለ ደመወዝ ጥበቃ የተስፋፋ የጎብኚ ቪዛ የፍሪሞንቱን አደጋ ሕጋዊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሊሠራ የሚችል በር

የሚያስፈልገው አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ካናዳ በሰኔ 2017 ከፍተኛ ሙያ ላላቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ለ15 ተከታታይ ቀናት፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ለ30 ቀናት ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀደች። መግቢያ ቪዛው ይቀጥላል፤ ሥራው ግን ሥራ ተብሎ ይጠራል። አሜሪካ ይህን መነሻ አድርጋ እስከ 90 ቀን የሚደርስ የቴክኒክ ተልእኮ ፈቃድ ብታበጅ ሦስት ዓምዶች ይበቁታል። ክፍያው የአካባቢው ይሁን። ከዋናው ባለሥራ እስከ መጨረሻው ንዑስ ተቋራጭ ያለው ሰንሰለት በአንድነት ተጠያቂ ይሁን። ሠራተኛው በደል ሲደርስበት ቢከስ፣ ክሱ እስኪሰማ የመቆየት መብት ይኑረው፤ ቅሬታ ያቀረበ ሰው በማግስቱ ከሀገር የሚወጣ ከሆነ ሕጉ ምስክሩን ራሱ አሰናብቷልና።

ኢትዮጵያም በበኩሏ የቢጫ ካርዱን መንፈስ ለአጭር ጊዜ የውጭ ባለሙያ በልኩ ብታሰፋው ተጠቃሚ ናት። የጥቂት ሳምንት የቴክኒክ ፈቃድ፣ ለስንት ኢትዮጵያውያን ምን ሙያ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ከማስፈር ግዴታ ጋር፣ የኑሚን ዓይነት ጉዞ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ፈቃድ ያላት ሀገር ለዜጎቿም በምላሹ ተመሳሳይ በር ለመጠየቅ የሚያስችል አንደበት ይኖራታል።

ሕግ እስኪለወጥ ግን ደብዳቤዎች መጻፋቸው አይቀርም። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ የቡድን መሪ፣ የምሕንድስና ኃላፊ፣ የሰው ኃይል ሥራ አስኪያጅ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የግብዣ ደብዳቤ ረቂቅ በእነርሱ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። በዚያ ረቂቅ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚመልስ በእውነተኛ ስሙ እንዲጻፍ መጠየቅ ሥልጣናቸው ነው። ቅጂው በተጓዡ እጅ፣ በሚገባው ቋንቋ እንዲገኝ ማድረግም እንዲሁ። እውነቱ ሲጻፍ ሥራው በቢ-1 የማይገባ ሆኖ ከተገኘ፣ ጉዞው መቅረት ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ይህ ለኩባንያው የጥቂት ሳምንት መዘግየት ነው፤ ለተጓዡ ግን ዕድሜ ልክ ከሚዘልቅ እገዳ መዳን ሊሆን ይችላል።

በፍሪሞንቱ ግቢ በ1984 ወደ ጃፓን የሄዱት ሠራተኞች ጉድለት ሲያዩ ገመዱን ስበው መስመሩን ማስቆምን ተምረው ተመለሱ። በ2015 ጣሪያው ላይ የነበረው ሰው የሚስበው ገመድ አልነበረውም፤ ወረቀቱ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው ይል ነበርና በዚያ ቦታ እንዳለ የሚያውቅ ሕግ አልነበረም። የጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ጥያቄ ስንት ሰው ይግባ ከሚለው በፊት የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ የገባው ሰው በቆመበት ቦታ፣ በሚሠራው ሥራ፣ በስሙ ይታወቃል ወይ?